አምስት ሴንቲሜትር ውሃ

ሰኞ፣ ጁን 19

ልጄ ዴልፊና ቅዳሜ ዕለት ወለደች፤ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ ሁለት ወር ቀድማ። ሴት ልጅ። አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ሰማንያ ግራም። ገበያ ላይ ይህን የምታህል ዶሮ ቢያመጡልኝ አልገዛም ነበር።

ምጧ የመጣው ደሴታችን ላይ ነው። እስከ ከተማው በጀልባ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሞተሩ ቲቲካካ ሐይቅ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ቀጥ አለ። ባለጀልባው ሁለቴም «አሁን ይነሳል ዶን ኢላሪዮ፣ ምን ያስቸኩልዎታል?» አለኝ። ምን ያስቸኩልዎታል! ላጮለው ስነሳ ዴልፊና ናት እጄን የያዘችኝ። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

ሕፃኗ በተነፈሰች ቁጥር ታቃስታለች። ደረቷ ከጎድኖቿ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ዶክተሩ ሳንባዋ ገና አልጠናም አለ፤ አየሩ በወጣ ቁጥር ሳንባው እንደ እርጥብ ፌስታል እርስ በርሱ ይጣበቅባታል። ጉሮሮዋ ውስጥ ግን ምንም አልከተቱም። አፍንጫዋ ላይ ሁለት አጫጭር ለስላሳ ቱቦዎች ሰክተው አየርና ኦክስጅን ይነፉላታል፤ የምታስወጣው ደግሞ በሌላ ቱቦ ሄዶ ውሃ የያዘ ጠርሙስ ውስጥ ይወጣል። ውሃው ቀኑን ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። መሣሪያው ይኸው ነው። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር።

ነፍሰ ጡሯ ደሴት ላይ ምን ትሠራ ነበር ብለው ጠየቁኝ። ልትጠይቀኝ መጥታ ነው አልኩ።

ረቡዕ፣ ጁን 21

የማድረው የሚስቴ እህት ቶማሳ ዘንድ ነው። ወደቡ አጠገብ የተጠበሰ ዓሣ ትሸጣለች። ሬዲዮኗ አይዘጋም፣ ውሻዋ አይተኛም፣ እሷም አፏ አያርፍም።

ዛሬ ከዘይቱ ቀና ሳትል «ኢላሪዮ፣ አንተ ግን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ልጅህን ድንች ልታስረግጥ ጠራሃት አይደል?» አለችኝ።

«አልጠራኋትም።»

«ታዲያ ውርጩን ናፍቃ ነው የመጣችው?»

ወሩ የቹኞ ወር ነው። ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥተን ውርጭ ሲመታው ያድራል፤ ጠዋት በባዶ እግራችን ረግጠን ውሃውን እናወጣለን፤ ሲደርቅ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ሚስቴ አሱንታ በሕይወት ሳለች ሁለታችን እንረግጥ ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። ለዴልፊና በስልክ የነገርኳት ብቻዬን መሆኔን ነው። ሌላ ምንም አላልኩም። የመጣችው በራሷ ነው።

አርብ፣ ጁን 23

ችግሩ ኮፍያው ነው! አፍንጫዋ ላይ ያሉትን ቱቦዎች የሚይዘው ራሷ ላይ ያለው ኮፍያ ነው፤ ክሩ እየላላ ኮፍያው ይንሸራተታል፣ ቱቦው ይወልቃል፣ ጠርሙሱ ዝም ይላል፣ ሕፃኗ ትጠቁራለች። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ጠቆረች። በመስታወቱ አየሁ። ሦስት ጊዜ!

ሲስተር ኦርቴንሲያን (ክፍሉን የያዘችው ነርስ ናት፣ አጭር፣ ስትሄድ የምትሮጥ) አስቁሜ «ኮፍያ እኔ እሠራለሁ» አልኳት።

«እርስዎ?»

«የደሴት ሰው ነኝ።»

እኛ ዘንድ ሹራብ የሚሠራው ወንዱ ነው። እኔ አሱንታን ስጠይቅ አባቷ ኮፍያዬን ገልብጦ ውሃ ሞላበት፤ ጠብ አላለም፤ ልጁን ሰጠኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እንደዚያው አጥብቄ ሠራሁላት።

ቅዳሜ፣ ጁን 24

ሲስተሯ ኮፍያዬን በጣቷ አንኳኳችው። «ዶን ኢላሪዮ፣ ይሄ ኮፍያ ነው ወይስ ድስት?»

«ውሃ አያስገባም።»

«እኛ ዝናብ የለብንም እዚህ! የልጅቷ ራስ እንደ ዳቦ ሊጥ ነው፤ ይሄ ያትምባታል። የሚለጠጥ ይሥሩ። ያዝ የሚያደርግ፣ የማይጨመድድ።»

ሌሎቹ እናቶች ሳቁ። ዴልፊና አልሳቀችም።

ሰኞ፣ ጁን 26

አራተኛው ኮፍያ ልክ ሆነ። በጎንና በጎኑ ለቱቦው ማሰሪያ ቀለበት አበጀሁለት። ሲስተር ኦርቴንሲያ ገለባበጠችውና «ለሌሎቹ ለአምስቱም እፈልጋለሁ» ብላ ሄደች። አመሰግናለሁ የሚባል ነገር የለም።

ግን አስገባችኝ። ደንቡ እናት ብቻ ነው የሚለው፤ እሷ «ኮፍያ የሚያስተካክል ሰው ነው» ብላ የሆስፒታሉን ነጭ ካፖርት አለበሰችኝ። ልክ የምትሆን አልተገኘችም፤ እጅጌዋ ክርኔ ላይ ቀረ።

ጠርሙሱን አሳየችኝ። ቱቦው ከውሃው ወለል አምስት ሴንቲሜትር ወደ ታች ይጠልቃል። ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር መስመር ተሠርቷል። «ሳንባዋ እንዳይከደን በሩን ገፍቶ የያዘላት ይህ ውሃ ነው። ከመስመሩ አይጎድልም፣ አይበልጥም። ቡልቅታው ካቆመ ይጥሩኝ» አለች። እሺ አልኩ። ሁሉ ነገር ላይ መስመር ያሰምራሉ። አልጋው ላይ መስመር፣ ወለሉ ላይ መስመር፣ ወረቀቱ ላይ መስመር።

ሕፃኗ ጥጥ በመሰለች ጣቷ ጣቴን ያዘችው።

ረቡዕ፣ ጁን 28

ቶማሳ ከደሴታችን ቤተ ክርስቲያን ጠበል አስመጣች። አንድ ብልቃጥ ሙሉ። «አጥምቃት። ሰው ሲጨንቀው ማንም ክርስቲያን ማጥመቅ ይችላል። ሳትጠመቅ አንድ ነገር ብትሆን በረዶው የሰውን ሁሉ እርሻ ይጨርሳል፤ ያኔ ደሴቱ ምን ይለሃል?»

«አፍሽን ዝጊ።»

«እኔ አፌን ብዘጋ ሰማዩ ይዘጋል?»

ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በረዶ ያወርዳል መባሉን አላምንም። አላምንም ማለት ግን በልቤ ሳይሆን በአፌ ነው። ሲስተሯን ጠየቅኳት። «ቀዝቃዛ ውሃ? እዚያች ልጅ ላይ? ሙቀቷን ሰላሳ ስድስት ለማድረስ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል!» አለችኝ። «ቄሱ እሁድ ይመጣል፤ ለብ ያለች አንዲት ጠብታ በጥጥ ያደርግላታል። እሁድ።»

እሁድ! ሕፃኗ እሁድን ታውቃለች? ዛሬ ሁለቴ ትንፋሽ ረሳች። ሲስተሯ እግሯን ቆንጠጥ እያደረገች ነው የቀሰቀሰቻት።

ለዴልፊናም ነገርኳት። ሕፃኗን ቱቦው እንደተሰካ ደረቷ ላይ አስተኝተውላት ቆዳ ለቆዳ አቅፋታለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ «አባዬ፣ ሹራብህን ሥራ» አለችኝ። ባሏ ዊልበር ማዕድን ማውጫው ተራራ ላይ ነው፤ ስልኩ አይሰማም። ሁሉን የምሸከመው እኔ ነኝ። የሚሰማኝ ግን የለም።

አርብ፣ ጁን 30

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ነርሶቹ ሲቀያየሩ፣ አንድ ነገር አደረግሁ። ትንሽ ነገር ናት። ሕፃኗን አልነካኋትም፣ ጠብታ አላረፈባትም። በእኔና በደሴታችን ጠባቂ በቅዱስ ያዕቆብ መካከል ትቆይ።

የጠርሙሱ ድምፅ ወፈር ብሏል። ደስ ይላል።

ብልቃጡን አጥቤ ለቶማሳ መለስኩላት።

ያው ቀን፣ ምሽት

ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፋ። ደረቷ እንደገና ይሰረጉዳል። ሁላችንንም አስወጡን።

ራጅ ይዘው ሮጡ።

በመስታወቱ፦ ዶክተሩ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። «ስምንት ሴንቲሜትር! ስምንት ማን አደረገው?»

ሲስተር ኦርቴንሲያ፦ «ስምንት ሰዓት ላይ አምስት ነበር። ለክቼ ፈርሜያለሁ።»

«ፊርማሽ ነው ውሃ የሚጨምረው?»

ከሳንባዋ አምልጦ ደረቷ ውስጥ የተጠራቀመ አየር አለ። ትንሽ ነው አሉ። በራሱ ካልጠፋ በመርፌ ያወጡታል። በመርፌ። እዚያች ደረት ላይ።

አቤቱ። አቤቱ።

እሁድ፣ ጁላይ 2

አየሩ አልጨመረም። መርፌው ለጊዜው ቀርቷል።

እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ፤ የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበት ጠርሙስ ለምን ክዳን አይኖረውም? ለስድስት ሕፃን አንዲት ነርስ! በሩስ ለምን ክፍት ይተዋል? የማንም እጅ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡና ኋላ ማን ነካው ይላሉ! ቶማሳ ስለ ዓሣ መጥበሻዋ እንኳ ከዚህ የበለጠ ትጠነቀቃለች።

ቄሱ መጣ። ጥጡን ነከረ፣ ግንባሯን ነካ፣ ሦስቱን ስም ጠራ፣ አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሕፃኗ አልነቃችም። ስሟን አሱንታ ትላታለች ብዬ ነበር፤ ዴልፊና «ኢርማ» አለች። ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅሁም።

ቶማሳ ስንወጣ «ይኸው፣ እሁድ ደረሰ እኮ» አለችኝ። እንዲሁ ነው ያለችው። ምንም አታውቅም። ግን ቀኑን ሙሉ አላናገርኳትም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 4

ሲስተር ኦርቴንሲያን አርብ ዕለት ኃላፊዎቹ ፊት ያቀርቧታል። ከሕፃናቱ ክፍል አውጥተው ካርድ ክፍል ሊያስቀምጧት ነው ይባላል።

ኮፍያ ይዤላት ስገባ ጠርሙሱ ፊት ተንበርክካ በማስመሪያ ትለካ ነበር። ለካች። ጻፈች። ተመልሳ ለካች።

«አሁን ለኩት እኮ» አልኳት።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳላይ ነበር የምቀዳው፣ ዶን ኢላሪዮ። እጄ አምስትን ያውቀው ነበር።» ማስመሪያውን ካፖርቷ ላይ ጠረገችው። «ምናልባት ደክሞኝ ጨምሬበት ይሆናል። ይሆናላ! ሌላ ማን ይጨምርበታል? ቤቴ ገብቼ ስተኛ ስቀዳ ይታየኛል፤ ያልቀዳሁትን።»

«አይዞዎት» አልኳት።

አይዞዎት። ይህ ቃል ከእኔ አፍ ወጣ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 6

ዛሬ ወደ ከተማው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለንስሐ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ ከፊቴ፤ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ቆየች። ምን አድርጋ ነው ግማሽ ሰዓት? ተናድጄ ወጣሁ። ደጁ ላይ ስደርስ ተናድጄ እንዳልወጣሁ ገባኝ።

ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ነገር አጣርቶ መጻፍ አልችልበትም። ግን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ እያሳበልኩ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ጠበሉን ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩት። ብልቃጡን በሙሉ። ውሃ እንዳይነካት ከለከሉኝ፤ እሺ፣ ትንፋሿ በተባረከ ውሃ ውስጥ ቢያልፍ ማን ይከለክለኛል አልኩ። ብልጠት መሰለኝ። መስመሩን አላየሁትም ነበር ብል ውሸት ነው። ውሃው ከፕላስተሩ በላይ ሲወጣ አየሁት። የተባረከ ነገር ሲበዛ ምን ይጎዳል አልኩ። ሲስተሯ ነግራኛለች፣ አይበልጥም ብላኛለች፣ ከላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ሰኞ ጽፌ አርብ ረሳሁት?

ብናገር ያስወጡኛል። ኮፍያዋን ማን ያስተካክላል እላለሁ ለራሴ። ዴልፊና ታስተካክላለች። አንዴ አይታ ከእኔ ይልቅ አሳምራ ታስረዋለች። ስለዚህ ኮፍያው አይደለም ምክንያቱ። ያቺን ጣት ላጣት አልፈልግም፤ ይኸው ነው።

ሌላም አለ። በስልክ ብቻዬን ነኝ ብቻ አልነበረም ያልኳት። ያልኳት እንዲህ ነው፦ «እናትሽ ብትኖር ድንቹ ሜዳ ላይ ሲበሰብስ ዝም ብላ አታይም ነበር።» ከዚያ ዝም አልኩ፤ ዝም ብዬ ጠበቅኋት። በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ መጣች። አራት ጠዋት ረገጠች። በአምስተኛው ወገቧን ያዘች፤ እኔም «ትንሽ ነው የቀረው» አልኳት።

አርብ፣ ጁላይ 7

ኃላፊዎቹ ሦስት ናቸው። ዶክተሩም አለ። ሲስተር ኦርቴንሲያ የተተኮሰ ካፖርት ለብሳለች። ጸሐፊዋ በር ላይ «ቀጠሮ አለዎት?» አለችኝ። አለፍኳት።

«ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

አንደኛው «የቱን ውሃ?» አለ። አሁን ይህን ሁሉ ሰው ለየትኛው ውሃ ነው የሰበሰቡት? እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ጠበል ስል ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

ሲስተሯ ግን ከወንበሯ ተነሳች። «ሳምንት ሙሉ!» አለችኝ። «ሳምንት ሙሉ እጄን ስጠራጠር እያዩኝ! ኮፍያ እየሰጡኝ! ለምን አልጠየቁኝም?»

«እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው።»

«አዎና! እምቢ ነበር የምልዎት! እምቢ ለማለት ነው እዚያ የቆምኩት!»

ከዚያ እሷው «አሁን ይውጡ፣ አንድ ሰዓት የዘገየ የሕፃን ምግብ አለብኝ» ብላ ለኃላፊዎቹ ሳትሰናበት ወጣች። ክፍሏ ውስጥ ትቆያለች። እኔ ግን ከደጃፉ አላልፍም፤ ዶክተሩ በጽሑፍ አድርጎታል።

ለዴልፊና ኮሪደሩ ላይ ነገርኳት። ጡቷን አልባ፣ ወተቱን በትንሽ ኩባያ ይዛ ነበር። ኩባያውን አላንቀሳቀሰችውም።

«ሌላስ አባዬ? የቀረ አለ?»

«የጠራሁሽ እኔ ነኝ። ለድንቹ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። «ስለጠራኸኝ አይደል የመጣሁት።» ወተቱን ይዛ ገባች። በሩ በራሱ የሚዘጋ በር ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚዘጋው፤ እስኪዘጋ ቆሜ ጠበቅሁ።

ሰኞ፣ ጁላይ 10

አግዳሚ ወንበር። ቀዝቃዛ ነው። ኮፍያ እሠራለሁ፤ ሌላ ነርስ መጥታ ትወስዳለች። ያመለጠው አየር ከደረቷ ጠፍቷል አሉ። ማን እንዳለ አልነገሩኝም፤ ለሌላ ሰው ሲያወሩ ሰማሁ።

ቶማሳ ዓሣ አምጥታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። «ከክፍል የተባረረ ተማሪ መስለሃል።» ከዚያ ዓሣውን እያስጠጋችልኝ፣ «ብልቃጡን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለች።

«የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«ብላ እንግዲህ፣ ይቀዘቅዛል።»

ሐሙስ፣ ጁላይ 13

ቱቦውን ነቅለው ሞከሯት። ሁለት ሰዓት ቆየች። ደከማት። መልሰው ሰኩላት።

ለምን ቸኮሉ? ማን አስቸኮላቸው?

ቅዳሜ፣ ጁላይ 15

ዴልፊና ዛሬ አግዳሚው ላይ አረፍ አለች። ኮፍያውን ከእጄ ወስዳ አንድ መስመር ፈታችብኝ፤ «እዚህ ጋ ጠብቋል» አለች። ልክ ነበረች።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 18

ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ያለ ቱቦ ናት። ይህን የሰማሁት ከጽዳት ሠራተኛዋ ነው! የገዛ ልጄ ልትነግረኝ ረስታ እንቅልፍ ወስዷታል። ወንበር ላይ፣ አፏን ከፍታ። አልቀሰቀስኳትም።

አርብ፣ ጁላይ 21

ያለ ቱቦ አምስተኛ ቀኗ ነው። ዛሬ ክብደቷ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ አልፏል፤ ይህን ዴልፊና ራሷ ወጥታ ነገረችኝ።

ከሰዓት በኋላ አምቡላንስ መጣ፤ መንታ፣ ሁለቱም ያቃስታሉ። ኮሪደሩ ተተረማመሰ። በሩ ተበረገደና ሲስተር ኦርቴንሲያ ኢርማን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ግራ ቀኝ አየች። ዴልፊና ወተት ልታልብ ሄዳ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

ኃላፊዎቹ ፊት ከቀረብንበት ቀን ጀምሮ አላናገረችኝም ነበር።

«ይያዙልኝ» አለች፤ ክንዴ ላይ አስቀመጠቻት። «አንገቷን ቀና ያድርጉ። አይንቀሳቀሱ፣ ምንም አይጨምሩባት፣ ብቻ ይያዙ።» ደርሳ ተመለሰች፤ ክርኔን በክርኗ ገፍታ አስተካከለችና «እንዲህ!» ብላኝ ሮጠች።

ፊቷን ያለ ቱቦ ያየሁት ዛሬ ነው። ፕላስተሩ የነበረበት ጉንጯ ላይ ቀይ ምልክት አለ። አፍንጫዋ የአሱንታ አይደለም፤ የዊልበርም አይደለም፤ የማን እንደሆነ እንጃ። ትተነፍሳለች። ፈጠን ፈጠን ታደርጋለች፤ ከዚያ ታቆማለች፤ የእኔም አብሮ ይቆማል፤ ከዚያ ደግሞ ትቀጥላለች። ማንም ሳይነፋላት። እቆጥር ጀመር፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። አንድ ሰውዬ የካርድ ክፍል የት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አልመለስኩለትም፤ ሰደበኝ።

ሲስተሯ ተመልሳ ልትወስዳት እጇን ስትዘረጋ «አሁን እኮ ነው የሰጡኝ!» ብዬ ተቆጣኋት።

«አርባ ደቂቃ ሆነዎት» አለች። «ለመንታዎቹ ቱቦ ተሰክቶላቸዋል። ኮፍያ ግን ሰፍቷቸዋል፤ ለነገ ሁለት ትንንሽ ይሥሩልኝ።»

ክሩ አልቆብኝ ነበርና ከደሴቱ ይዤ ጠዋት ልመለስ በመጨረሻው ጀልባ ተሳፈርኩ። ሕፃኗን ይዤ ሳለሁ መጸለይ እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ወደቡ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው።